ሚዳቋዋ የማን ናት?

የድሮ ሳንቲም ቤታችሁ ካለ አውጡና እዩት። 1 ሳንቲሙ ላይ ገበሬ በሬ ጠምዶ ያርሳል። 10 ሳንቲሙ ላይ የደጋ አጋዘን አለ። ሥዕሎቹን የመረጠው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ። ሒሳቡ ግን እንዲህ ይላል፦ አንድ አጋዘን አሥር ገበሬ ያወጣል።

ይህ ለጨዋታ ያህል ነው። ጨዋታነቱ የሚያበቃው ያ ገበሬና ያ አጋዘን አንድ ማሳ ላይ ሲገናኙ ነው።

እስቲ አንድ ሰው እናስብ። ቤቱ ከፓርክ ወሰን አጠገብ ነው። ገብስ ዘርቷል። ማታ ማታ ከርከሮ ይመጣበታል፣ ሚዳቋም ትመጣለች። ማማ ሠርቶ ሌሊቱን ሲጮህ ያድራል። ሲመረው አንድ ቀን ከአጥሩ ሥር የሽቦ አሽክላ ይዘረጋል። ጠዋት ሚዳቋ ተይዛ ያገኛል። ያርዳታል፤ ልጆቹ ከስንት ጊዜ በኋላ ሥጋ ይበላሉ። ከሰዓት በኋላ ስካውቶች ይመጣሉ። ስካውት ማለት በኛ አገር የፓርክ ጠባቂ ነው። ቆዳዋን ከጓሮ ያገኙታል፤ ሰውየው ይያዛል። ክሱ ሕገወጥ አደን ነው። በዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል።

ሰውየው የሰረቀው ከማን ነው? በግ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር። በግ ባለቤት አለው፣ ጆሮው ላይ ምልክት አለ፣ ማታ የሚቆጥረው ሰው አለ። ሚዳቋዋን ግን ማንም አላሳደጋትም። ማንም ጨው አላላሳትም። እንዲያውም አብልቷታል ከተባለ ያበላት እሱ ነው፣ ያውም ገብስ።

አማርኛ ለዚህ ሰው የተለየ ስም የለውም። ሌባ አንለውም፣ ወንበዴም አንለውም። አዳኝ ነው የምንለው። "ሕገወጥ" የሚለውን ከፊቱ የለጠፈው በኋላ የመጣ ሕግ ነው። (ቋንቋችን በዚህ ጉዳይ ትንሽ ተንኮለኛ ነው። ሐኪሙም ያድናል፣ አዳኙም ያድናል። አጻጻፋቸው አንድ ነው።) እኔ የምለው ይህን ነው፦ "ሕገወጥ አዳኝ" የሚለው ስም የሚመስለን ስለ እንስሳ ነው፤ ከሥሩ ያለው ግን የመሬት ክርክር ነው። ያ ክርክር በግልጽ ሳይደረግ ነው ፍርዱ የተሰጠው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሦስት ጥያቄዎች አንድ ላይ ተጠቅልለው መቅረባቸው ነው። መሬቱ የማን ነው? በመሬቱ ላይ የሚሄደው አውሬ የማን ነው? ግደል ወይም አትግደል የሚለው ማነው? ብዙ ሰው የመጀመሪያው ከተመለሰ ሌሎቹም የተመለሱ ይመስለዋል። አይደለም። በታሪክ ሦስቱ እንደየአገሩ ሲለያዩም ሲጣበቁም ኖረዋል።

የሮማ ሕግ ለያይቷቸው ነበር። አውሬ እስኪያዝ ድረስ የማንም አይደለም ይላል። የያዘው ሰው ባለቤቱ ይሆናል። ካመለጠው እንደገና የማንም ያልሆነ ይሆናል። በሌላ ሰው መሬት ላይ ቢይዘው እንኳ ያዡ ነው የሚወስደው። ባለመሬቱ ማድረግ የሚችለው አትግባብኝ ማለት ብቻ ነው።

እንግሊዝ ይህን ገለበጠችው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ዛሬ ዓለም ላይ ያለው የአደን ሕግ ብዙው የዚህን አገር ጠረን ይዟል። ቀዳማዊ ዊልያም እ.ኤ.አ. በ1066 አገሪቱን ድል አድርጎ ሲይዝ ሰፋፊ ቦታዎችን የንጉሥ ደን ብሎ ከለለ። ደን ሲባል ዛፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ውስጡ መንደርም እርሻም ነበረበት። ደን ያደረገው ሕጉ ነው፤ አጋዘኑ የንጉሥ ነው፣ ነዋሪው መንካት አይችልም። ሕዝቡ ይህን ሳይቀበለው ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1217 ስለ ደኑ ብቻ ራሱን የቻለ ቻርተር እስከ መውጣት ደረሰ። ማገዶ መልቀም፣ አሳማ ማሰማራት የመሳሰሉ የተራው ሰው መብቶች እዚያ ላይ ተጻፉ።

የሚገርመው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1671 የወጣው ሕግ ማደን የሚችለው በዓመት 100 ፓውንድ የሚያስገባ የራሱ መሬት ያለው ሰው ነው አለ፤ ጥቂት ሌሎች የባላባት ወገኖች ተጨምረውበት። የምክር ቤት አባል ለመምረጥ የሚጠየቀው 2 ፓውንድ የሚያስገባ መሬት ነበር። ስለዚህ ቆቅ ለመግደል ድምፅ ለመስጠት ከሚያስፈልገው 50 እጥፍ ሀብት ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። ትንሽ መሬት ያለው ገበሬ በገዛ ማሳው፣ የገዛ ሰብሉን የምትበላ ጥንቸል ቢገድል ወንጀለኛ ነው። መሬቱ የሱ፣ ጥንቸሏ የሌላ።

እ.ኤ.አ. በ1723 ደግሞ ፊቱን ጥቁር ቀብቶ አጋዘን ሊያድን የወጣ ሰው በሞት እንዲቀጣ ተደነገገ። ሕጉ 100 ዓመት ያህል ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1828 በወጣው የሌሊት አደን ሕግ ሦስተኛ ጊዜ የተያዘ ሰው ወደ አውስትራሊያ ሊጋዝ ይችል ነበር። ለጥንቸል! ፈረንሳዮች ቀደም ብለው ገብቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1789 አብዮቱ ገና ሲጀምር ከሻሩት ነገር አንዱ የመኳንንት ብቻ የነበረውን የማደን መብት ነው። ከዚያው ጋር የመኳንንቱን የርግብ ቤት መብትም ሻሩ። የጌቶች ርግብ የገበሬውን እህል ስትለቅም ገበሬው እሽ እያለ ከማባረር ሌላ ምንም ማድረግ አይችልም ነበር። የኛ ሰውዬ ማማው ላይ ሆኖ ይህን ቢሰማ "እኔን ነው እንዴ የምታወሩት?" የሚል ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ።

በኛም ዘንድ አደን የማዕረግ ነገር ነበር። አንበሳ የገደለ ጎፈሩን ራሱ ላይ ያስራል፣ ይፎክራል፣ ይዘፈንለታል። ዝሆን ገዳይማ አይወራም። ግን አስተውሉ፦ ክብሩ ለሁሉም አዳኝ አልነበረም። ጣና ሐይቅ ዳር ነገደ ወይጦ ጉማሬ እያደኑ፣ ሥጋውን እየበሉ፣ ቆዳውን እየሠሩ ይኖሩ ነበር። በዚሁ ተናቁ። ከፋ ውስጥ ማንጆዎች በደን አደን ይኖሩ ነበር፤ እነሱም ያው ዕጣ ደረሳቸው፤ አብሯቸው የሚበላ፣ የሚጋባቸው ጠፋ። ለስሙ ያደነ ጀግና፣ ለሆዱ ያደነ የተናቀ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ስትመረምሩት መሬት ታገኛላችሁ። ጎፈር ያሰረው ሰው ርስት ወይም ጉልት ነበረው። ጉማሬ ያደነው አልነበረውም። መሬት ስለሌለው ነው ከሐይቁና ከደኑ የሚበላው፤ ከዚያ ስለሚበላ ደግሞ መሬት የሚሰጠው የለም።

በሌሎች የአፍሪካ ክፍሎች ይህንን የመሬትና የአውሬ ጉዳይ በአንድ ልማድ ፈትተውት ነበር። ዝሆን ሲወድቅ አንዱ ጥርስ ከመሬት ይነካል። መሬት የነካው የአገሩ አለቃ ነው፤ ወደ ላይ የቀረው የአዳኙ። እኔ በጣም ነው የወደድኩት። መሬቱም ድርሻ አለው፣ ድካሙም ድርሻ አለው። ፍትሐዊ ነው አልልም፤ አለቃው አልጋው ላይ ተኝቶ ነው ጥርስ የሚደርሰው። ግን ሁለቱ መብቶች የተለያዩ መሆናቸውን ማንም አይረሳም፣ ጥርሶቹ ሁለት ስለሆኑ።

በኛ አገር "ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ" ይባል ነበር። መሬቱ ግን ይታረስ ነበርና ማን ምን መብት እንዳለው ብዙ ሰው ያውቃል። በሰሜኑ ርስተኛው በአባቶቹ በኩል ቆጥሮ መሬት ይደርሰዋል። ጉልተኛው ግብሩን ይሰበስባል። በደቡቡ ብዙ ቦታ ገበሬው ጭሰኛ ሆነ። የአውሬውን ነገር በወረቀት የያዘው በ1936 ዓ.ም. የወጣው የአደን ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 61 ነው። ከዚያ በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ የውጭ ባለሙያዎች መጥተው አጥንተው፣ ፓርኮች መታጠር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1969 አዋሽና የሰሜን ተራሮች በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ።

አዋሽን ተመልከቱ። ቦታው ከረዩዎችና አፋሮች ከብት የሚያሰማሩበት ነው። በጋ ሲመጣ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ፣ ዝናብ ሲጥል ይወጣሉ። አርብቶ አደር ይህን ሲያደርግ ከሩቅ ላየው ሰው ቦታው ባዶ ይመስላል። ምክንያቱም ስድስት ወር ሄዶ ስድስት ወር ይመለሳል። በባዶነቱ ወራት የመጣ ቀያሽ "ሰው የለበትም" ብሎ ይጽፋል። በዚያው ዘመን መተሐራ ላይ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ተስፋፋ፤ ባለቤቱ የሆላንድ ኩባንያ ነበር። ከረዩው በአንድ በኩል ሸንኮራ፣ በሌላ በኩል ሳላ የሚጠበቅበት ፓርክ መሐል ቀረ። ወንዙ ግን ያው ወንዝ ነው፤ ከብቱም ያው ከብት ነው፤ ጥሙም ያው ነው። ትናንት ከብት ማጠጣት ይባል የነበረው ዛሬ ሕገወጥ ግጦሽ ተባለ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። ጭሰኛው እልል አለ፤ "መሬት ላራሹ" ተብሎ ስንት የተጮኸበት ነገር ነው። ፓርኮቹ ግን ፓርክ እንደሆኑ ቀሩ። የከረዩ መሬት ለከረዩ አልተመለሰም። ለነገሩ መፈክሩ ራሱ ላራሹ ነው የሚለው፤ ለአርቢውና ለአዳኙ የሚል የለበትም።

ከዚያ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ መጣ። አንቀጽ 40 የገጠርም ሆነ የከተማ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው ይላል። አውሬውም የተፈጥሮ ሀብት ነው። ስለዚህ የሰውየው ማሳም፣ ሚዳቋዋም፣ ፓርኩም ባለቤታቸው አንድ ነው፦ መንግሥትና ሕዝብ። በወረቀት ጥያቄያችን አለቀ ማለት ነው።

ግን መንግሥትን ታውቁታላችሁ፤ ቢሮ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ስካውት አለው። ሕዝብ የሚባለው ባለቤት የት ነው የሚገኘው? ከፓርኩ አጠገብ ያለው መንደር ነው? ክልሉ ነው? አዲስ አበባ ሆኖ ፓርኩን በቴሌቪዥን የሚያየው ሰው ነው? ሁሉም ባለቤት ናቸው ካላችሁ፣ ከርከሮ ማሳው የሚገባበት ባለቤት ግን አንዱ ብቻ ነው። ጥቅሙ ከ100 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሰው ተካፍሎ፣ ጉዳቱ ለአንድ ቤተሰብ ይደርሳል። ይኸው አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ ደግሞ አርብቶ አደሮች ለግጦሽ የሚሆን መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት አላቸው ይላል። ፓርክ ሲታጠር ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ይጋጫሉ። እስካሁን ባለው ልማድ ሲጋጩ የሚያሸንፈው የመጀመሪያው ነው።

ይህ ለምን እንደሚያሳስብ 1983 ዓ.ም. ያሳያል። ደርግ ሲወድቅ፣ ለጥቂት ወራት ጠባቂ የለም፣ ሕግ የለም። ሰዉ ምን አደረገ? በብዙ ፓርኮች የጥበቃ ካምፖችን ዘረፈ፣ ቤቶቹን አፈረሰ፣ እንስሳቱን ገደለ። ባሌ ዲንሾ አካባቢ የደጋ አጋዘን ቁጥር አሽቆለቆለ። ሻሸመኔ አቅራቢያ ሰንቀሌ ላይ የነበረው ቆርኬ፣ ቀድሞ በሺዎች ይቆጠር የነበረው፣ ወደ መቶዎች ወረደ። የተበላው ሁሉ በረሀብ አይደለም። በርና መስኮት አይበላም። በርና መስኮት የነቀለው ሰው ፓርኩን የመንግሥት ቤት አድርጎ ነበር የሚያየው፤ መንግሥት ሲወድቅ ቤቱም አብሮ ወደቀ። የኔ ነው የሚለው ነገር ቢሆን ኖሮ ያን ሰሞን በጦር ይጠብቀው ነበር።

እዚህ ላይ ግን ልጠንቀቅ። የመሬቱን በደል ካነሳን በኋላ አዳኙን ሁሉ ቅዱስ ማድረግ ቀላል ነው። እኔ አልስማማም።

በአንድ ስም የምንጠራቸው ሰዎች አንድ አይደሉም። ማሳውን የሚጠብቀው አለ። ልጆቹን ለማብላት የሚያድነው አለ። ጀግና ለመባል የሚገድለው አለ፤ በደቡብ አንዳንድ ቦታ ይህ ዛሬም አልጠፋም። ከዚያ ደግሞ ለገበያ የሚገድለው አለ። ከእሱ በላይ የሚገዛው፣ ከገዢው በላይ ድንበር የሚያሻግረው፣ ከዚያም በላይ ባሕር ማዶ የዝሆን ጥርስ ማኅተምና ጌጥ የሚያስቀርጸው አለ። መጋቢት 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ በእሳት ተቃጥሏል። ያ ሁሉ ጥርስ የረሀብ ጥርስ አይደለም። ግን እጅ ከፍንጅ የሚያዘው ብዙ ጊዜ ጠመንጃውን የያዘው የመጨረሻው ድሃ ነው። ባሕር ማዶ ያለው ሰው የፓርኩን ስም እንኳ አያውቀውም።

ለሆዱ የሚያድነውም ቢሆን ጥያቄ አለበት። አሽክላ ዓይን የለውም። ለሚዳቋ የተዘረጋ ሽቦ ቀበሮም ይይዛል፣ ነብርም ይይዛል። የተያዘው እንስሳ ባለ ሽቦው እስኪመጣ፣ አንዳንዴም ሳይመጣ፣ ሲሰቃይ ይቆያል። ረሀብ ጥፋቱን ያቀለዋል፤ ስቃዩን ግን አያቀለውም።

ደግሞ ስንት ቀርቷል የሚለው አለ። ሚዳቋ ብዙ ናት። ዋሊያ ግን ከሰሜን ተራሮች ሌላ አገር የለውም። ቀይ ቀበሮ በመላው ዓለም 500 ገደማ ነው፤ ሁሉም እዚህ ናቸው። መሬቱ ከጥንት ጀምሮ የኔ ነው የሚል ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል። የመጨረሻውን ዋሊያ የመግደል መብት ግን ከየትኛውም ርስት አይወለድም። ርስት ራሱ ከአያት ተቀብለህ ለልጅ የምታስተላልፈው ነው፤ በልተህ የምትጨርሰው ርስት ርስት አይደለም። ይህን ለመንግሥትም እላለሁ። የሕዝብ ነው ብሎ የያዘውን ደን ለእርሻ ኩባንያ ሲሰጥ፣ በአሽክላ ካለቀው አውሬ በላይ በቡልዶዘር ያልቃል።

ዋሊያ ሌላ አገር የለውም አልኩ። ገበሬውስ የት አገር አለው? ዩኔስኮ የሰሜን ተራሮችን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ያለ ቅርስ አለው። ፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች ከዚያ በኋላ ካሳ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በ2017 ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ለዋሊያው ጥሩ ዜና ነው። ገብስ ሲያመርት፣ በግ ሲያረባ የኖረ ደገኛ ከተማ ዳር ቤት ሲሰጠው ምን ሆኖ ይኖራል የሚለውን ግን የቅርስ መዝገብ አይመዘግብም።

ቦትስዋና ውስጥ ይህ ክርክር ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ስለዚህ መጥቀስ ይገባል። ካላሃሪ መሐል ያለው ትልቅ የዱር እንስሳት ክልል እ.ኤ.አ. በ1961 በእንግሊዞች ዘመን ሲከለል፣ አንዱ ዓላማው እዚያ በአደንና በለቀማ የሚኖሩት ሳን የሚባሉት ሰዎች እንዳይነኩ ነበር። በኋላ የነፃዪቱ ቦትስዋና መንግሥት በ1997 እና በ2002 አስወጣቸው። የተሰጠው ምክንያት የእንስሳት ጥበቃና ልማት ነበር። ሳኖቹ ከሰሱ። በዲሴምበር 2006 ከፍተኛው ፍርድ ቤት በአብላጫ ድምፅ የተወሰደባቸው መሬት በሕጋዊ መንገድ ይኖሩበት የነበረ ነው አለ። የአደን ፈቃድ መከልከላቸውም ሕገወጥ ነው አለ። የኋለኛውን አስተውሉት። መሬቱ ያንተ ነው ግን አታድን ማለት፣ በአደን ለሚኖር ሰው፣ መሬቱን አልሰጥህም ከማለት አይለይም። መንግሥት ፍርዱ ክሱ ላይ ስማቸው ላለ ሰዎች ብቻ ነው ብሎ አጠበበው። በ2014 ደግሞ በአገሪቱ አደን በአጠቃላይ ተከለከለ፤ ክልከላው በ2019 ሲነሳ ለገንዘብ ከፋይ አዳኞችም በሩ ተከፈተ።

ከፋይ አዳኝ ስል የኛም አለ። ስፖርታዊ አደን ይባላል። ባሌና አርሲ ደን ውስጥ "ቁጥጥር የሚደረግበት የአደን ቀበሌ" የሚባሉ ቦታዎች አሉ። የውጭ አገር ሰው መጥቶ፣ ኮታ ተሰጥቶት፣ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ መርቶት፣ አንድ ሸምገል ያለ ወንድ የደጋ አጋዘን ይተኩሳል። ለዚያ አንድ እንስሳ ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። ቀንዱን ይዞ ይሄዳል።

ነገሩን የሚደግፉት ሰዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። የሚገደለው ጥቂት ነው፣ በቁጥር ነው፣ የወለደ አሮጌ ወንድ ነው ይላሉ። ደኑ ገቢ ካላስገኘ ወደ እርሻ ይቀየራል፤ ያን ጊዜ አጋዘኑ አንድም አይተርፍም ይላሉ። ብዙው እውነት ነው። ኮታ ያለው አደንና ኮታ የሌለው አደን አንድ አይደሉም። ግን ከደኑ አጠገብ የሚኖረውን ሰው ጆሮ አስቡ። እሱ ቢተኩስ እስር ቤት ነው። ሰውየው ከባሕር ማዶ መጥቶ ቢተኩስ ፎቶ ነው። የእንግሊዙ 100 ፓውንድ ማለት ይኸው ነው፤ ገንዘቡ ብቻ ዶላር ሆኗል። ልዩነት የሚፈጥረው ብሩ የት ይሄዳል የሚለው ነው። ናሚቢያ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ የገጠር ማኅበረሰቦች ተደራጅተው በአካባቢያቸው እንስሳ የመጠቀም መብት እንዲያገኙ አድርጋለች። ገቢውም ሥጋውም ወደ እነሱ ይገባል። እዚያ አሽክላ የሚዘረጋ ሰው የሚሰርቀው ከጎረቤቱ ነው። ነገሩ ወደ በጉ ተመለሰ ማለት ነው።

ናሚቢያ ድረስ መሄድ ላያስፈልገን ይችላል። መንዝ አለልን።

መንዝ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሜዳው ጓሳ በሚባለው ሣር የተሸፈነ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከሣሩ ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ገሳ ይሠራበታል። ቦታው የጭላዳም የቀይ ቀበሮም ቤት ነው። መንዞች ይህን ቦታ ለ400 ዓመት ያህል ራሳቸው ሲጠብቁት ኖረዋል። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል። (የቅርብ ጊዜውን የወጣቶች ቄሮ አላልኩም፤ ስሙ ነው የገጠመው።) ባለመብቶቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች ናቸው። ሁለቱ አቅኚ አባቶች መሬቱን በፈረስ ግልቢያ ተካፈሉት ይባላል። መብቱ አጽመ ርስት ነው፤ በአጥንት የሚቆጠር።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። በየወገኑ ጥበቃውን የሚመራ አባ ቄራ ይመረጣል። ሜዳው ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ሣር ማጨድ የለም፣ ማገዶ መልቀም የለም፣ ከብት ማሰማራት የለም። የሚጠብቁት ራሳቸው ባለመብቶቹ ናቸው፣ በተራ። ቅጣቱም ቀልድ አልነበረም። ሣሩ ሲደርስ ቀን ይቆረጥና ይከፈታል፤ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ቀበሮውን ለማዳን ያሰበ ሰው ነበር ብዬ አላምንም። ያሰቡት ስለ ጣሪያቸው ነው። ግን ሣሩ ከተጠበቀ አይጡ አለ፣ አይጡ ካለ ቀበሮው አለ።

ቄሮን በ1967 የሰበረው ራሱ የመሬት አዋጁ ነው። አጽመ ርስት ሲሻር የአስቦና የጌራ ዘር ነኝ ማለት ትርጉም አጣ። ሜዳው የሁሉም ሆነ፤ የሁሉም ሲሆን ጠባቂ አጣ። ሣሩ ሳሳ። ሆኖም አዋጁ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት አልችልም። ምክንያቱም በድሮው ቄሮ ከሁለቱ አባቶች የማይወለድ ሰው፣ ጎረቤት ቢሆንም፣ ከአጥሩ ውጭ ነበር። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ከሌላ ቦታ የመጣው፣ ማጭዱን ይዞ የሚወጣበት ቀን አልነበረውም። የመንደር ባለቤትነትም የራሱ ጭሰኛ አለው። በኋላ ሕዝቡ በየቀበሌው ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን አስነሳው። አሁን ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው፤ መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ የአካባቢው ሰዎች ይጠብቁታል፣ የመጠቀም መብቱም ከዘር ቆጠራ ሰፋ ብሏል። ቀይ ቀበሮውም አለ።

ወደ ሰውየው ልመለስ፤ ስካውቶቹ ይዘውታል። አንድ ነገር አልነገርኳችሁም። ስካውት ብዙ ጊዜ የሚቀጠረው ከዚያው አካባቢ ነው። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ጫማው አሮጌ ነው፣ የሱም ቤት ከፓርኩ ወሰን ብዙ አይርቅም። ሚስቱ የሱን ገብስ ከከርከሮ ትጠብቃለች። ሰውየውን አስሮ ወደ ወረዳ ሲወስደው መንገዱ ሦስት ሰዓት የእግር ነው፤ ዝም ተባብለው አይጨርሱትም። የማን ልጅ እንደሆነ ያውቀዋል። ምናልባት አያታቸው አንድ ነው፤ ፓርኩ ሳይታጠር በፊት ያ አያት እዚያው ሜዳ ላይ ከብት ያግድ ነበር። የሚቀጥለው እሑድ ዕድር አለ፤ ሁለቱም አባል ናቸው።